ካሴትና ሸክላ ወደ ኮምፒውተር፦ ቤት ውስጥ እንዴት ይገለበጣል?

ካሴት ልገለብጥ ነው ያለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር ሶፍትዌሩ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ድምፁ የሚበላሸውም የሚያምረውም ኮምፒውተሩ ጋ ሳይደርስ ነው። ሄዱ (ቴፑ ውስጥ ክሩን የሚያነበው ክፍል) ቆሽሾ፣ መርፌው አልቆ ወይም ገመዱ የማይሆን ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ የተቀዳ ሙዚቃ በምንም ፕሮግራም አይመለስም። ስለዚህ እዚህ ስለ ቴፑ፣ ስለ ሸክላ ማጫወቻውና ስለ ገመዱ በደንብ እናወራለን፤ ስለ ሶፍትዌሩ የሚበቃውን ያህል ብቻ።

ደግሞ ከወዲሁ እወቁት፣ ሥራው ጊዜ ይበላል። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። በእጥፍ ፍጥነት የሚያጫውቱ ቴፖች አሉ፤ ጥራቱን ስለሚጎዱት ለዚህ አይሆኑም። ማጽዳቱ፣ ዘፈኖቹን መነጣጠሉና ስም መስጠቱ ሲጨመርበት ለአንድ ካሴት ሁለት ሰዓት ብትመድቡ ይሻላል። መቶ ካሴት ያለው ሰው መቶውንም እገለብጣለሁ ብሎ ከተነሳ ገና በጠዋቱ ይሰለቻል። መጀመሪያ ለዩ። በጥሩ ጥራት ኢንተርኔት ላይ ያለ አልበም ላይ ጊዜ አታጥፉ። ሌላ ቦታ የሌለውን አስቀድሙ፦ የሰርግ ቅጂ፣ ከሬዲዮ የተቀዳ፣ ዘመድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የዘፈነው፣ እንደገና ያልታተመ ሸክላ። ከእነዚህም ውስጥ ሁኔታው የከፋው ይቅደም፤ ምናልባት ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው አጥርቶ የሚጫወትላችሁ።

ካሴቱን መጀመሪያ እዩት

ቴፑ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት በመስኮቱ በኩል ክሩን ተመልከቱ። እኩል ተጠቅልሎ ጠፍጣፋ ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ብናኝ ወይም ፀጉር የሚመስል ነገር ካለበት ሻጋታ ነውና እንዳታጫውቱት። ሻጋታው ሄዱ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ወደ ጤነኞቹ ካሴቶች ይዛመታል። ለሚተነፍሰው ሰውም ጥሩ አይደለም። ለብቻው ለዩትና ለባለሙያ ተዉት።

ቀጥሎ ክሩ በሚታይበት ጎን መሐል ላይ ያለችውን ትንሽዬ ጨርቅ መሳይ ትራስ ፈልጉ። ቀጭን የብረት ስፕሪንግ ላይ የተለጠፈች ናት። ሥራዋ ክሩን ከሄዱ ጋር አስጠግታ መያዝ ነው። ሙጫው ሲያረጅ ትወድቃለች። እሷ ከሌለች ድምፁ ይርቃል፣ ይመጣል ይሄዳል፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ሁሉ ይጠፋል። ብዙ ሰው «አለቀለት» ብሎ የሚጥለው ካሴት ችግሩ ይቺ ብቻ ነች።

መፍትሔው የማትፈልጉትን ካሴት ፈትቶ ቅርፊቱን መውሰድ ነው። ቅርፊቱ በብሎን የታሰረ ከሆነ በትንሽ ካቻቢቴ ፍቱትና ሁለቱን ጥቅልሎች እንዳሉ አንስታችሁ ወደ ደህናው ቅርፊት አዛውሯቸው። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሥሩ፤ ክሩ በየት በየት እንደሚያልፍም ከመንካታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። በሙጫ የተጣበቀ ቅርፊት ግን ብሎን ስለሌለው በቀጭን ስለት ጠርዙን ይዞ ቀስ እያሉ መፈልቀቅ ነው፣ ቅርፊቱ ይሰበራል፣ ይሰበር፣ የምትፈልጉት ክሩን ነው።

ክሩ ተበጥሶ ከሆነ ለካሴት ክር ተብሎ የተሠራ ቀጭን ፕላስተር አለ። ሁለቱን ጫፎች ገጥማችሁ ሄዱ በማይነካው ጀርባው በኩል ለጥፉት። ተራ ስኮች አትጠቀሙ። ሙጫው ሲቆይ ይፈስና ከላይና ከታች ያለውን ክር ያጣብቀዋል።

ካሴቱ ጀርባ ላይ ጫፍና ጫፍ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ደግሞ ስበሯቸው። እነሱ ከሌሉ ቴፑ ሪከርድ አልጫንም ይላል። በስህተት የተነካች አንዲት ቁልፍ ያንን ብቸኛ ቅጂ ታጠፋዋለችና ይሄን ሳታደርጉ ምንም አትጀምሩ።

ለዓመታት የተቀመጠ ካሴት በአንድ ቦታ ተጣብቆ ነው የሚቆየው። እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ ከዚያ እስከ መጀመሪያው ወደኋላ አጠንጥኑት። ክሩ ይላቀቃል፣ ጥቅልሉም እኩል ይሆናል። የ120 ደቂቃ ካሴት ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ ክሩ የ60ውን ግማሽ ያህል ውፍረት ነው ያለው፣ በቀላሉ ይለጠጣል፣ ደካማ ቴፕ ደግሞ ክር መብላት ይወዳል። እሱን እንደ ድሮው እስክሪብቶ ከትታችሁ በእጅ አጠንጥኑት።

ቴፑን ማዘጋጀት

ከተቻለ ከኋላው ቀይና ነጭ ቀዳዳ ያለው፣ «ላይን አውት» የሚል የቤት ቴፕ ፈልጉ። ደህና ዎክማንም ይሆናል። ርካሽ የዩኤስቢ ካሴት ማጫወቻዎች በየቦታው ይሸጣሉ፣ «ካሴትዎን በአንድ ቁልፍ ወደ ኤምፒስሪ» ይላል ካርቶኑ። እኔ አልመክርም። ብዙዎቹ ሞተራቸው ደካማ ነው፣ ረዘም ያለ ኖታ ሲመጣ ድምፁ ይወላገዳል። ይሄ መወላገድ ደግሞ ከተቀዳ በኋላ ማስተካከል በጣም ከባድ ነው። ከዘመድ የተዋሳችሁት አሮጌ ግን ደህና የተሠራ ቴፕ በብዙ ይበልጠዋል።

ከዚያ ጽዳት። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና የጆሮ ጥጥ ያስፈልጋል። ሽቶና የሚጠጣ አልኮል አይሆኑም፤ ውሃም ስኳርም ቅባትም ሊኖርባቸው ይችላል። ጥጡን ነክራችሁ ሄዱን ጥረጉ። ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ከክሩ የረገፈው ብናኝ ነው። ጥጥ እየቀየራችሁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ቀጥሉ። ከሄዱ ጎን የምትሽከረከረውን ቀጭን የብረት ዘንግም እንዲሁ። ከሷ ጋር ተጋጥሞ ክሩን የሚጎትተውን የጎማ ተሽከርካሪ ግን አልኮል እየቆየ ስለሚያደርቀው በትንሽ ሳሙና በረጠበ ጥጥ ጥረጉት። ጎማው ከተሰነጣጠቀ ወይም እንደ ብርጭቆ ካንጸባረቀ ክር የሚበላው እሱ ነው፣ መቀየር አለበት። አምስት ደቂቃ ይድረቅ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ከሁሉም ግን ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው ነገር፦ የሄዱ ማጋደል። ካሴቱ የተቀዳው በሌላ ቴፕ ነው። የዚያ ቴፕ ሄድ ፀጉር ታክል ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ከነበረ የናንተም እንደዚያው ካላጋደለ ቀጭኑን ድምፅ ማንበብ አይችልም። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚጓዘው፤ በዚህ ዝግታ ላይ ትንሿ ልዩነት ትሰማለች። ታፍኖ የሚሰማችሁ ካሴት ሁሉ አርጅቶ እንዳይመስላችሁ።

ሄዱ በግራና በቀኝ በሁለት ብሎን ተይዟል። አንዱ ጥብቅ ነው። ሌላው ከሥሩ ስፕሪንግ አለው፣ ብዙ ጊዜም እንዳይዞር ቀለም ጠብ ተደርጎበታል። የምትነኩት እሱን ነው። መጀመሪያ ያለበትን አቅጣጫ በማርከር ምልክት አድርጉ ወይም ፎቶ አንሱ። ካሴቱን አጫውቱ፣ ሄድፎን አድርጉ፣ ግራና ቀኙን ሞኖ አድርጋችሁ ቀላቅሉት። ሞኖ የሚደረገው ሁለቱ ጎኖች ካልገጠሙ እርስ በርሳቸው ስለሚጠፋፉና ልዩነቱ ጎልቶ ስለሚሰማ ነው። ጫፉ ማግኔት ያልሆነ ትንሽ ካቻቢቴ ይዛችሁ ብሎኗን በጣም በትንሹ፣ የዙር ስምንተኛ እንኳ ሳትሞላ፣ ወደ አንድ ጎን አዙሩ። ጆሯችሁን ባሱ ላይ አታድርጉ። የከበሮውን ሳህን ስሙ፣ ዘፋኙ «ስ» እና «ሽ» ሲል ስሙ። እየጠራ ከሄደ ቀጥሉ። አንድ ቦታ ላይ መጋረጃ እንደተገለጠ ጥርት ይላል፤ ከዚያ ካለፋችሁ እንደገና ይታፈናል። ወደ ጥርት ያለው ቦታ ተመለሱና ተዉት። ሌላ ቴፕ ላይ የተቀዳ ካሴት ሲመጣ ይሄንኑ እንደገና ታደርጋላችሁ። አንዳንዴ የአንዱ ካሴት ሁለት ጎኖች እንኳ ይለያያሉ።

ዶልቢ የሚለውን፣ እሽሽታን ለመቀነስ የተሠራውን ቁልፍ በተመለከተ፦ ሲቀዳ ዶልቢ ከነበረው አብሩት፣ ካልነበረው አጥፉት። ሽፋኑ ላይ ምልክቱ ካለ ጥርጥር የለውም። እሽሽታውን ይቀንስልኛል ብላችሁ ያለ ዶልቢ በተቀዳ ካሴት ላይ ካበራችሁት ሙዚቃውንም አብራችሁ ታፍኑታላችሁ። ዶልቢ ከማብራታችሁ በፊት ግን የሄዱ ማጋደል የተስተካከለ ይሁን። አለበለዚያ በትክክለኛው ካሴት ላይ እንኳ ድምፁ ይጨልማል። ክሮም ወይም ሜታል የሚል ካሴት ከሆነ ደግሞ ቴፑ ላይ ያለውን የክር ዓይነት መምረጫ ወደዚያው አድርጉ፤ ብዙ ቴፖች በራሳቸው ያውቁታል።

ፍጥነትም አለ። ውስጥ ያለው የላስቲክ ቺንጋ ሲላላ ቴፑ ይዘገያል፣ ሙዚቃው ይወርዳል። ስድስት በመቶ ልዩነት ማለት በሙዚቃው ቅኝት ግማሽ ድምፅ ያህል መውረድ ወይም መውጣት ማለት ነው፤ ጊታር ይዞ አብሮ ለመጫወት የሞከረ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ለማወቅ ቀላሉ መንገድ በዲጂታልም የሚገኝ የታተመ ካሴት ማጫወት ነው። አራት ደቂቃ የሚፈጀው ዘፈን በ3 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ካለቀ ቴፑ ሁለት በመቶ ያህል ይፈጥናል። አንዳንድ ሞተሮች ጀርባቸው ላይ ማስተካከያ ቀዳዳ አላቸው። ከሌላቸውም ችግር የለም፣ ይሄን ሶፍትዌሩ ያስተካክለዋል። ቋሚ የሆነ ስህተት ይታረማል፤ የሚወላገደው ነው የሚያስቸግረው።

ሸክላ ከሆነ

ሸክላ ላይ ጠላታችሁ አቧራ ነው። ደረቅ አቧራ በለስላሳ የካርቦን ብሩሽ ይነሳል። የጣት ቅባትና የቆየ ቆሻሻ ያለበት ግን መታጠብ አለበት፦ የተጣራ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። መስመሮቹን ተከትላችሁ በክብ ጥረጉ፣ እያቋረጣችሁ አትሹ። መሐሉ ላይ ያለው ወረቀት እንዳይረጥብ። በንጹሕ የተጣራ ውሃ አለቅልቁትና አቁማችሁ አድርቁት። እርጥብ ሸክላ ላይ መርፌ አታሳርፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት የጥንቶቹ ከባድ ሸክላዎች አልኮል እንዳይነካቸው። እነሱ የተሠሩበት ሼላክ በአልኮል ይሟሟል፣ ሙዚቃው በጨርቁ ተጠርጎ ይሄዳል። መርፌያቸውም ሌላ ነው። መስመራቸው ሰፊ ስለሆነ የተራ ኤልፒ (የኋለኞቹ ቀለል ያሉ ሸክላዎች) መርፌ ከታች ወለሉ ላይ ይንከባለላል፤ የሚሰማችሁም ከሙዚቃው ይልቅ ጫጫታው ነው። ለ78 የተሠራ፣ ጫፉ ሰፋ ያለ መርፌ ግዙ።

የመርፌው ክብደት በራሱ መመሪያ ላይ የተጻፈው ይሁን፤ ለብዙዎቹ ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ባለው ውስጥ ነው። «ሸክላውን እንዳይጎዳ» ተብሎ ክብደት መቀነስ ተገላቢጦሽ ነው። የቀለለ መርፌ ይዘላል፣ ግድግዳውንም ይበልጥ ይቧጭራል። ማጫወቻው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ቀጥ ያለ ይሁን። እየቀዳችሁ ስፒከሩን ዝጉና በሄድፎን ስሙ፣ ምክንያቱም የስፒከሩ ንዝረት በጠረጴዛው በኩል ወደ መርፌው ተመልሶ አብሮ ይቀዳል። የእግር ኮቴም ይቀዳል፤ ልጆች ቤት ውስጥ ካሉ ጊዜ ምረጡ።

ከሸክላ ማጫወቻ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው፣ ጥቂት ሚሊቮልት። በዚያ ላይ ሸክላ ሲታተም ሆን ተብሎ ባሱ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አር አይ ኤ ኤ የሚባለው መለኪያ ነው ይሄን የሚወስነው። ይሄን ገልብጦ ወደ ቦታው የሚመልሰው ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው ዕቃ ነው። ያለ እሱ ከቀዳችሁ ድምፁ ከቆርቆሮ ውስጥ የወጣ ይመስላል። አዳዲስ ማጫወቻዎች ብዙ ጊዜ ውስጣቸው አላቸው፣ ከኋላ «ፎኖ» እና «ላይን» የሚል መቀያየሪያ ታገኛላችሁ። ወደ ኮምፒውተር በቀጥታ ከሆነ «ላይን» ላይ አድርጉት። በአምፕሊፋየር በኩል ከሆነ ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ይለፍ፤ ሁለቴ ካለፈ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ባሱ ይደፈርሳል። ከማጫወቻው የሚወጣ ቀጭን ብቸኛ ሽቦ ካለ የግራውንድ ነው። ካላሰራችሁት እምምም የሚል ድምፅ ዘፈኑ ሥር ይነጠፋል።

ትልልቆቹን የሪል ክሮች (ካሴት ውስጥ ሳይሆን ክፍት ጥቅልል ላይ የተጠመጠሙትን) በተመለከተ ብዙ አልልም፣ ማጫወቻው ያለው ሰው ሥራውንም ያውቃልና። ሲጫወት የሚጮህና ሄዱ ላይ የሚያጣብቅ ቡናማ ነገር የሚተው ክር ካጋጠማችሁ ግን ወዲያው አቁሙ። በተለይ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተሠሩት አንዳንዶቹ ማጣበቂያቸው እርጥበት ስቦ ይበላሻል። ባለሙያዎች በተቆጣጠሩት ዝቅተኛ ሙቀት ለሰዓታት አሙቀው ያድኑታል። የወጥ ቤት ምድጃ ሙቀቱን እንደዚያ አይቆጣጠርም፤ እንዳትሞክሩት።

ገመዱ የት ይሰካ?

ላፕቶፕ ላይ ያለችው አንዲት ቀዳዳ ለሄድፎንና ለማይክ የተሠራች ናት። የማይኩ በኩል ብዙ ጊዜ ሞኖ ነው፣ ለደካማ ድምፅ ስለተሠራም ከቴፕ የሚመጣው ይበረታበታል። ስለዚህ በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ቀይና ነጭ መግቢያ ያለው ትንሽ የድምፅ ካርድ ያስፈልጋችኋል። እንደ ቤሪንገር ዩሲኤ 202 ያሉት ቀላሎቹ ለካሴት ከበቂ በላይ ናቸው። ትልቁ ኮምፒውተራችሁ ጀርባው ላይ ሰማያዊ «ላይን ኢን» ካለው በሱም መጀመር ይቻላል።

ከቴፑ «ላይን አውት»፣ ከአምፕሊፋየሩ ደግሞ «ቴፕ አውት» ወይም «ሪከርድ አውት» ከሚለው ወደ ካርዱ መግቢያ። ዎክማን ከሆነ ከሄድፎን ቀዳዳው አውጡና ድምፁን ግማሽ አካባቢ አድርጉት። የስፒከር ሽቦ ከሚታሰርበት ግን በጭራሽ አይሆንም፣ ካርዱን ያቃጥለዋል።

ከሰካችሁ በኋላ ምንም ሳይጫወት ስሙ። ግርርር የሚል ካለ ቴፑንና ኮምፒውተሩን አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። አሁንም ካለ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል። የድምፅ ገመዱ ከመብራት ገመድ ጋር ተጠማዞ አይሂድ። ስልክ ይራቅ፣ አንዳንዴ ጥሪ ሲመጣ ድድድ የሚለው አብሮ ይቀዳል።

መቅዳት

ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል፣ ለዚህ ሥራ ምንም አይጎድለውም። ሌላ የለመዳችሁት ካለ በሱው ቀጥሉ። መቅጃው የዩኤስቢ ካርዱ መሆኑን እዩ፤ ሳያስተውሉት የላፕቶፑ ማይክ ተመርጦ ቤቱ ውስጥ ያለው ወሬ ሁሉ ይቀዳል። ስቴሪዮ ምረጡ። ካርዱ ከፈቀደ 24 ቢት፣ 44.1 ወይም 48 ኪሎ ኸርዝ። ካሴትን በ96 ኪሎ ኸርዝ መቅዳት ዲስክ መሙላት ነው። የጥሩ ካሴት በጸጥታውና በጩኸቱ መካከል ያለው ርቀት 60 ዲሲቤል ቢደርስ ነው፤ 16 ቢት ብቻውን 96 ይይዛል። 24 ቢት የሚጠቅመው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመቅዳት ስለሚያስችል ነው። አንድ ሰዓት ስቴሪዮ በ24 ቢት በ48 አንድ ጊጋባይት ያህል ነው፣ በሲዲ ጥራት ደግሞ 635 ሜጋባይት ገደማ።

ኮምፒውተሩ ድምፁን «ላሻሽል» የሚለውን ሁሉ አጥፉ፦ የዊንዶውስ ማሻሻያ፣ ማይኩን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው፣ የማሳወቂያ ድምፆች፣ ራሱን የሚያስተኛውም። መሐል ላይ የመልእክት ቲንግታ የገባበት የሰርግ ዘፈን አይቶ መሳቅም ማልቀስም ያምራል።

ከዚያ የድምፁን መጠን። ከካሴቱ በጣም የሚጮኸውን ቦታ ፈልጋችሁ አጫውቱና መለኪያው ሲዘል ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 6 ዲሲቤል አካባቢ እንዲሆን አስተካክሉ። 10 ወይም 12 ቢሆንም ምንም አይደል፣ በኋላ ይጨመራል። ዜሮን ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ ግን ተቆርጦ ይቀራል። አንዴ ካስተካከላችሁ ጎኑ እስኪያልቅ አትንኩት።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ሪከርድ፣ ከዚያ ቴፑ ላይ ፕሌይ። ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ያለውን ባዶ ክር አትቁረጡት፣ ለጽዳት ትፈልጉታላችሁ። በዘፈኖች መሐል አታቋርጡ፤ ጎኑ እስኪያልቅ አንድ ፋይል ይሁን። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በሄድፎን ስሙ፣ ግራም ቀኝም መምጣቱን አረጋግጡ። ሲያልቅ ምንም ሳትነኩ በዌቭ ወይም በፍላክ (ከድምፁ ምንም በማይጥሉ የፋይል ዓይነቶች) አስቀምጡና ስሙ ላይ «ጥሬ» የሚል ጨምሩ። ይሄ ፋይል አይነካም። ከዚህ በኋላ የምታደርጉት ሁሉ በግልባጩ ላይ ነው።

ማጽዳት፣ በልኩ

እሽሽታውን ለመቀነስ ኖይዝ ሪዳክሽን የሚለውን ተጠቀሙ። ያስቀራችሁትን ባዶ ክር ሁለት ሦስት ሰከንድ ምረጡ፣ ጫጫታው ይሄ ነው ብላችሁ አስተምሩት፣ ከዚያ ሙሉውን ምረጡና 6 ዲሲቤል ቀንሱ። ስድስት። ኦዳሲቲ ራሱ ከዚህ በላይ አስቀምጦላችሁ ከሆነ ዝቅ አድርጉት። እዚያው «ሬዚዲው» የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ስትነኩ የሚጣለውን ብቻ ያሰማችኋል። እሽሽ ብቻ ከሰማችሁ ጥሩ። የዘፋኙ ትንፋሽ ወይም የከበሮው ሳህን እዚያ ውስጥ ከተሰማ ሙዚቃውን እየጣላችሁት ነውና ቀንሱ። ብዙ የጸዳ ካሴት በሄድፎን ሲሰማ ይፍለቀለቃል፣ ድምፁ ሕይወት ያጣል። ጆሮ እሽሽታን በደቂቃ ውስጥ ይለምደዋል፣ ይሄን ግን አይለምድም።

የሸክላ ጠቅ ጠቅታ በክሊክ ሪሙቫል ይቀላል። እሱንም በዝቅተኛው ጀምሩ፤ ጭብጨባንና የክራር ምትን ጠቅታ መስሎት ይበላል። አንድ ሁለት ትልልቅ ጠቅታ ብቻ ከሆነ ሞገዱን አስፍታችሁ ቦታውን ምረጡና ሪፔር በሉት። በአንድ ጊዜ ከ128 ናሙና በላይ አይቀበልም፣ ማለትም ሦስት ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም፣ ለጠቅታ ግን ይበቃል። ሸክላው ሞኖ ከሆነ ግራና ቀኙን ወደ አንድ ቀላቅሉት፤ በሁለቱ ጎን የተለያየው ጫጫታ በዚህ ብቻ ይቀንሳል።

ፍጥነቱ ከተዛባ ፍጥነትንና ድምፅን አንድ ላይ የሚቀይረውን ተጠቀሙ፣ ቴምፖ ብቻውን የሚቀይረውን ተዉት። ድምፅ ስትጨምሩ ደግሞ ለጎኑ በሙሉ አንድ ላይ ጨምሩ። እያንዳንዱን ዘፈን ለየብቻ ከፍ ካደረጋችሁት ለስለስ ያለው ዘፈን ከጩኸተኛው እኩል ይሆንና የአልበሙ ስሜት ይጠፋል።

ዘፈኖቹን ለመነጣጠል በየመጀመሪያቸው ምልክት አስቀምጡ፤ ኮንትሮልና ቢ ነው። ለሁሉም ስም ጽፋችሁ በአንድ ጊዜ ኤክስፖርት ታደርጋላችሁ። ለማስቀመጫ ፍላክ ምረጡ፣ ምንም ሳይጥል ፋይሉን ወደ ግማሽ አካባቢ ያወርደዋል። ለስልክና ለመኪና ኤምፒስሪ በሰከንድ በ256 ወይም 320 ኪሎ ቢት ይበቃል።

ስም አጻጻፍ ላይ ትንሽ ትዕግሥት ይኑራችሁ። የፋይሉ ስም በቁጥር ይጀምር፣ 01፣ 02 እያለ። አሮጌ የመኪና ማጫወቻዎች የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው ሣጥን ሣጥን ብቻ ያሳያሉ፤ ለእነሱ የሚሄደውን ግልባጭ በላቲን ፊደል ሰይሙት፣ የዘፈኑንና የዘፋኙን ስም የያዘው መረጃ ግን በአማርኛ ይሁን። «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ላይ አንዱን ምረጡና በዚያው ጽኑ። አንዱን ዘፋኝ በሦስት ዓይነት ከጻፋችሁት ስልካችሁ ሦስት ሰው አድርጎ ይደረድረዋል። የሽፋኑን ፊትና ጀርባ፣ የካሴቱን ሁለት ጎንም ፎቶ አንሱና እዚያው ፎልደር ውስጥ ክተቱ። በየትኛው ቴፕ፣ መቼ፣ ዶልቢ በርቶ ወይም ጠፍቶ እንደተቀዳ የሚናገር አጭር ማስታወሻም ጨምሩ።

ቅጂው ሦስት ቦታ ይኑር፦ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከቤት ውጭ፣ ክላውድ ወይም ሌላ ሰው ጋ። ፍላሽ ላይ ብቻ ማስቀመጥ ማስቀመጥ አይባልም። የሰው ሙዚቃ ለራስ መስማትና ኢንተርኔት ላይ መጫን ደግሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለሁለተኛው የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ዋናውን ካሴት አትጣሉት። ነገ የተሻለ ቴፕ ልታገኙ ትችላላችሁ። ተጫውቶ እንዳለቀ፣ ወደኋላ ሳታጠነጥኑ፣ በሣጥኑ ውስጥ አቁማችሁ፣ ከስፒከርና ከሙቀት ርቆ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።